ሀንታ ቫይረስ፦ ዝናብ፣ አይጥና የፎር ኮርነርስ ወረርሽኝ

ሀንታ ቫይረስ አይጦች ሳይታመሙ ይዘውት የሚኖሩት ቫይረስ ነው፤ ሰውን በብዛት የሚይዘው የደረቀ የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ከአቧራ ጋር ሲተነፈስ ነው። የአየር ሁኔታ በዚህ በሽታ ላይ ምን እንደሚሰራ በደንብ የታየው አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ኮሎራዶና ዩታ የሚገናኙበት ፎር ኮርነርስ ላይ ነው።



በግንቦት 1993 (እንደ ፈረንጆቹ) ምንም ያልነበራቸው ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ናቫሆ ከሚባለው የአካባቢው ነባር ህዝብ፣ ትኩሳትና የጡንቻ ህመም ይጀምራቸውና በቀናት ውስጥ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ይሞቱ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በሳምንታት ውስጥ አዲስ ሀንታ ቫይረስ መሆኑን ደረሰበት፣ ተሸካሚዋም ዲር ማውስ የምትባለው የዱር አይጥ ሆና ተገኘች። ሚዲያው ግን "የናቫሆ ፍሉ" እያለ ህዝቡን አሸማቀቀው፣ ይሄ ፈጽሞ ልክ ያልሆነ ስም ነው።

ለምን በዛ አመት? እኛ ጋ ኤልኒኖ ሲባል ድርቅ ነው የሚታወሰን፣ እዛ ግን የ1991-92ቱ ኤልኒኖ በረዶና ዝናብ አመጣ፣ ሳሩም ነፍሳቱም ፒንዮን የሚባለው የዛፍ ፍሬም ተትረፈረፈ፣ አይጡም በልቶ ተራባ። ይሄን ማወቅ የተቻለው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሴቪየታ በሚባለው ጥብቅ ቦታ ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከአመታት በፊት ጀምሮ አይጥ እያጠመዱ በትዕግስት ይቆጥሩ ስለነበር ነው፣ ቁጥሩ ወደ 10 እጥፍ መጨመሩን ያሳዩት እነሱ ናቸው። ሙዚየማቸው በረዶ ውስጥ ያቆየው የድሮ አይጥ ናሙና ሲመረመርም ቫይረሱ ቀድሞ እንደነበረ ታወቀ፣ ከወታደር ላብራቶሪ አመለጠ የሚለውም ወሬ መሰረት አጣ። የናቫሆ ሽማግሌዎችም ቢሆኑ በ1918ና በ1933 ተመሳሳይ ሞት እንደነበር ይናገራሉ፤ ፒንዮን የበዛበት አመት አይጥ እንደሚያመጣ፣ አይጥ ከቤትና ከምግብ መራቅ እንዳለበት ከጥንት ጀምሮ ያስተምሩ ነበር።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር በሽታ ይመጣል ማለት ግን አይደለም። ከ1997-98ቱ ኤልኒኖ በኋላ ታማሚ ጨምሯል፣ ሆኖም አዳኝ እንስሳቱ፣ የክረምቱ ብርድና የቤቱ አሰራርም ነገሩን ሊቀይሩት ይችላሉ። በ2012 ካሊፎርኒያ ባለው ዮሰማይት ፓርክ 10 ጎብኚዎች ታመው 3 ሲሞቱ አይጦቹ የድንኳን ቤቶቹ ግድግዳ ውስጥ ነበር የተባዙት።

ሰሜን ኢትዮጵያም የዱር አይጥ ላይ ትግራይ ቫይረስ የተባለ ሀንታ ቫይረስ ተገኝቷል፣ ሰው ማሳመሙ ግን አልተረጋገጠም።

በአሜሪካው አይነት ከሚታመሙት ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት ይሞታሉ፣ ለይቶ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲጸዳ መስኮትና በር ከፍቶ 30 ደቂቃ ማናፈስ፣ የአይጡን ቆሻሻ በውሃ በተበጠበጠ በረኪና አርሶ ትንሽ ቆይቶ በጓንት ማንሳት ነው የሚመከረው፣ በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው።