የዳር ሰፈር ቤተሰብ፦ የልጆች ንባብና የባልና ሚስት ነገር

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ... የአዲስ አበባ ዳር ዳሩን የሞላው በብዛት ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣ የወጣለትም፣ የመሃል ከተማ ኪራይ ያቃተውም፣ በመልሶ ማልማት የተነሳውም እዛ ገብቷል። ሥራው ግን አብሮት አልመጣም፣ መርካቶ ወይ ሜክሲኮ ነው የቀረው። ስለዚህ እዚህ ስለ ቤተሰብ ማውራት መጀመሪያ ስለ ታክሲ ሰልፍ ማውራት ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ የወጣ ወላጅ ማታ 2 ሰዓት ሲገባ ልጁ ወይ ተኝቷል ወይ እያንጎላጀ ነው።

ፊደል ደግሞ በየቀኑ ካልነኩት ይጠፋል። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ኬጂ ያለ ልጅ ገበታውን እንደ ዘፈን ይወጣዋል፣ መሃል ላይ «ቄ»ን ጠቁማችሁ ይቺ ማናት ስትሉት ግን ጣቱን ይዞ ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... እያለ ከመጀመሪያው ይነሳል። ይሄን የሚፈታው አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያቀላቀለ የሚጠይቀው ሰው ነው፣ በኔ እይታ ውድ ትምህርት ቤት እንኳን ይሄን ሰው አይተካም። ብዙ ቤት ይሄ ሰው ሠራተኛዋ ናት፣ እሷም ማታ ትማራለች፣ የራሷን ደብተር ይዛ ከልጁ ጋር ታጠናለች። አያት ካሉ ደግሞ ማንበብ ባይችሉም «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ «የላም በረት» ይላል፣ ወሬ መከተልና ቃል ማጠራቀም የሚጀምረው እዛ ነው። በነዚህ ሰፈሮች ቁቤ የሚማሩ ልጆችም አሉ፣ እንግሊዝኛው ላይ «ኤክስ» የሚሏት ቁቤ ላይ «ጠ» ሆና ታገኛቸዋለች፣ ወላጅ ይደናገራል እንጂ ልጆቹ ቶሎ ይለምዱታል።

ባልና ሚስት ጋ ስንመጣ ነገሩ የሚፈነዳው ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላይ ነው። ቲቸሯ «ሆም ወርክ አልሠራም፣ ወላጅ ይከታተል» ብላ ጽፋለች፣ ማን ይፈርም? እሱ «አንቺ ቤት ውለሽ ምን ስትሠሪ ነበር» ይላል፣ እሷ «ልጁ የኔ ብቻ ነው እንዴ» ትላለች፣ ከዛ ኩርፊያ። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ መጋረጃ ነው የሚለያቸው፣ ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል፣ በማግስቱ ደብተሩን ይደብቃል (እኔም ልጅ ሆኜ ደብቄያለሁ)። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር፣ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ሁለቱንም እኩል አድርጓል፣ ቤት ውስጥ ግን ደብተር ማየት አሁንም «የእናት ሥራ» ነው። ባል የልጁን ደብተር ሲይዝ ሚስት ሳህኗን አጥባ ቁጭ ትላለች፣ ብዙ ኩርፊያ እዛው ይበርዳል፣ ሽማግሌም አያስፈልግም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ቁርስና ምሳ ማብላት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ «ምሳ ዕቃ ማን ይቋጥር» የሚባለው የጠዋት ጭቅጭቅ ቀለል ብሏል።

ባለፈው እሁድ ከአራብሳ ወደ መገናኛ ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ አባቷ ጭን ላይ ሆና «ሒሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ» የሚለውን ስቲከር ታነባለች። «ሒ... ሒ...» ብላ ቆመች፣ ገበታዋ ላይ በ«ሀ» የለመደችውን «ሂ» ናት የምትፈልገው። እናትየው ልትነግራት ስትል አባትየው «ተያት፣ ራሷ ታውጣው» አለ። መገናኛ ልንደርስ ስንል ገና «ሳይጠየቁ» ላይ ነበረች፣ ወያላው ግን ሒሳቡን ከተቀበለ ቆይቷል።