የፓርኪንሰን ሕመም በወንዶችና በሴቶች

እንቅስቃሴን የሚያዘገየውና ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው የአንጎል ሕመም፣ የፓርኪንሰን ሕመም፣ ወንዶችን ከሴቶች አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጥ ያጠቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ሲገልጽ ያቀረባቸው ስድስቱም ታማሚዎች ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩትን የአንጎል ሴሎች እንደሚከላከል በእንስሳት ላይ ታይቷል፤ ይሁንና ላረጡ ሴቶች በሚሰጠው ሆርሞን ላይ የተደረጉት ጥናቶች ስለማይስማሙ ለዚህ ሕመም ተብሎ አይታዘዝም። ወንዶች በሥራቸው ለፀረ ተባይ ኬሚካል ይበልጥ መጋለጣቸውም ድርሻ እንዳለው ይታሰባል። ኤልአርአርኬ2 የተባለው ዘረ መል ተቀይሮ በሚመጣው ዓይነት ግን የሁለቱ ፆታዎች ቁጥር ይቀራረባል።

ሴቶችን ዘግየት ብሎ ይጀምራቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በመንቀጥቀጥ ነው። ድብርትና ጭንቀት ይበዛባቸዋል። በወንዶች ላይ ደግሞ የማሰብ ችሎታ መቀነስ፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ ሕልም እያዩ መጮህና መማታት ጎላ ይላል። ሴቶች ነርቭ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ድካማቸውና ድብርታቸው ከማረጥ ወይም ከኑሮ ጣጣ ጋር ስለሚያያዝ ይመስላል።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ላይ ነው። 250 ሚ.ግ. ሌቮዶፓ (አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚቀየር ዋናው መድኃኒት) ያለበትን ኪኒን ግማሹን በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ 80 ኪሎ ሰው በኪሎ 4.7 ሚ.ግ. ገደማ ይደርሰዋል፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይኸው መጠን 7.5 ሚ.ግ. ነው። ከዚህ በተጨማሪ በሴቶች ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ይላል። ስለዚህ አንገትንና እጅ እግርን ያለ ፈቃድ የሚያወዛውዘው የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት በእነሱ ላይ ቶሎ ይመጣል። ቤተሰብ ሕመሙ የባሰ መስሎት ኪኒን ከጨመረ ውዝዋዜው ይብሳል። ኪኒኑ ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታ ከሆነ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የአንዱን ጊዜ መጠን ቀንሶ ድግግሞሹን ይጨምራል። በራስ ውሳኔ ድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት መገተር ሊያስከትል ይችላል።

የወር አበባ በሚያዩት ላይ፣ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኪኒኑ የማይሠራ ይመስላል፤ ቀኑን መመዝገብ ለሐኪሙ ይረዳዋል። በእርግዝና ጊዜ አማንታዲን የተባለው ሌላው የሕመሙ መድኃኒት ስለሚያሰጋ ሌቮዶፓ ይመረጣል። ለማቅለሽለሽ በቀላሉ የሚታዘዘው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ዶፓሚንን ስለሚያግድ ሕመሙን ያባብሳል፤ የማህፀን ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ የሚተከልበት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሴቶች ከታማሚዎቹ ቁጥራቸው አንጻር ጥቂት ናቸው። ወንዱን ብዙ ጊዜ ሚስቱ ታስታምመዋለች፤ ሴቷ ግን ባሏ የሞተባት ወይም ብቻዋን የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ታማሚው ቀላል ውዝዋዜን ራሱ ስለማያስተውል፣ ብቻዋን ለምትቀርብ ሴት ኪኒኑን ከመዋጧ በፊትና ከዋጠች ከአንድ ሰዓት በኋላ በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዛ መቅረቡ ይጠቅማታል።