ስለ ሕፃናትና ማስክ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኮሮና ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ ማስክ አድርጋ መዋዕለ ሕፃናት ትውል ነበር። ለንደን ያለው የስምንት ዓመት የአክስቷ ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለ ማስክ ይማር ነበር። በየአገሩ የተበተነ ቤተሰብ በስልክ ሲያወራ «ልጅቷን አፈናችኋት» እና «ልጁን ችላ አላችሁት» መባባሉ አልቀረም። ሁለቱም ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ዛሬም የሚደጋገሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የጃፓን ልጆች ማስክ የሚያደርጉት መንግሥት ስላዘዛቸው ነው»

ይሄ በጣም የተሳሳተ ነው። በኮሮና ጊዜ እንኳ ጃፓን ማስክ ያላደረገን ሰው የሚቀጣ ሕግ አልነበራትም። ልማዱ የቆየ ነው። ማስክ በሕዝቡ ዘንድ በሰፊው የታወቀው በ1918 ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አገሪቱ የተራቆቱ ተራሮቿን ሱጊ በሚባል የጥድ ዘመድ ሸፈነች። ዛፎቹ ሲያድጉ ጣጣ አመጡ። በየዓመቱ ብርዱ ሊወጣ ሲል የአበባ ብናኛቸው አየሩን ይሞላል፤ ትልቁም ትንሹም ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል። ስለዚህ ማስክ ይደረጋል።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን የምሳ ሰዓቱ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ተራ ገብተው ለክፍል ጓደኞቻቸው ምግብ ያድላሉ። ተረኞቹ ነጭ ልብስ፣ ቆብና ማስክ አድርገው ሾርባ ይቀዳሉ። ይህ ከኮሮና በፊት ለረጅም ዓመታት የኖረ ሥርዓት ነው። እንዲህ ላደገ ልጅ ማስክ የሌላውን ሰው ምግብ ማክበሪያ እንጂ የፍርሃት ምልክት አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ወላጆች የልጆች ማስክ የሚገዙት አየሩ በደቃቅ አቧራ ሲበከል ነው።

«ትክክለኛው ዕድሜ አንድ ነው፤ ሌላው ተሳስቷል»

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኦገስት 2020 አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ የለባቸውም አሉ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከሁለት ዓመት ጀምሮ መክሯል። ፈረንሳይ በትምህርት ቤቶቿ ከ11 ዓመት ጀመረች፤ በኖቬምበር 2020 ወደ 6 አወረደችው። የልጅ ሳንባ በየአገሩ ስለሚለያይ አይደለም። ስለ ትንንሽ ልጆች የነበረው ማስረጃ ስስ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የሥርጭቱን መጠን፣ የልጁን ትምህርትና ማስኩን በትክክል የማድረግ ችሎታውን መዝኖ የራሱን መስመር አሰመረ። ዘመድ ከዘመድ የሚቀያየምበት ጉዳይ አልነበረም።

«ጨቅላ ይበልጥ ደካማ ስለሆነ ማስክ ይበልጥ ያስፈልገዋል»

አይሆንም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክ አደገኛ ነው። የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ ቢታፈን አውልቆ መጣል አይችልም፤ ቢያስመልሰውም ሊያንቀው ይችላል። ማስክ በለመደችው ጃፓን እንኳ የሕፃናት ሐኪሞች ይህን በ2020 አስጠንቅቀዋል። የተኛ ልጅም፣ ትልቅ ቢሆን፣ ማስክ አይደረግለትም።

«ማስክ የልጁን ኦክስጅን ይቀንሳል»

ኦክስጅንም የምናስወጣው የተቃጠለ አየርም (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) በጨርቁ ቀዳዳዎች በቀላሉ ያልፋሉ። ማስክ የሚይዘው ከእነሱ እጅግ የሚበልጡትን የምራቅ ነጠብጣቦች ነው። በ2021 አንድ የታወቀ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ልጆች በማስክ ሥር ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። የመለኪያው ዘዴ አጠያያቂ ስለነበር በሳምንታት ውስጥ ተሰረዘ። ፌስቡክ ላይ ግን ጽሑፉ ሲዞር፣ መሰረዙ አብሮት አልዞረም።

«አፍ ከተሸፈነ ልጅ የሰው ስሜት አያነብም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ከ7 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች አፍ ቢሸፈንም ስሜትን በግምት ከሚገኘው በላይ እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ያም ሆኖ ሙሉ ፊት ሲያዩ ይሻላቸዋል። የባህል ልዩነትም አለ፦ ጃፓናውያን ስሜትን ይበልጥ ከዓይን፣ አሜሪካውያን ይበልጥ ከአፍ እንደሚያነቡ በ2007 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ስጋቱ የሚገባው ለሌሎች ልጆች ነው። ሕፃን ከስምንት ወር አካባቢ ጀምሮ የሚያናግረውን ሰው አፍ ትኩር ብሎ ያያል፤ ንግግር የሚማረው በጆሮው ብቻ አይደለም። መስማት የተሳነው ልጅም ከንፈር ያነባል። እነዚህን ልጆች የሚያስተምርና የሚንከባከብ ሰው ማስክ ማድረግ ካለበት፣ አፍ የሚያሳየውን ባለ ፕላስቲክ መስኮት ማስክ ቢያደርግ ይመረጣል።