የባልትና ቤት ምን ይጽፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አነስተኛ ንግድ የሚያካሂዱ ሰዎች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቦታና ስለ ዕቃ አቅርቦት ብዙ ይጨነቃሉ፤ ስለ ጽሑፍ ግን የሚያስቡት አብዛኛውን ጊዜ ታፔላ ሲያሠሩ ወይም ቢዝነስ ካርድ ሲያሳትሙ ብቻ ነው። በጽሑፍ ጉዳይ ላይ የሚሰሙት የተሳሳቱ አመለካከቶች ነጋዴውን ገንዘብም ደንበኛም ስለሚያሳጡት አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል። ሐሳቡ እንዲጨበጥ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ እያዘጋጀች ለሰፈሯ ሰውና በቴሌግራም ለሩቅ ደንበኛ የምትሸጥ አንዲት የባልትና ነጋዴን በምሳሌነት እንውሰድ።

«ለንግድ መጻፍ ማለት ማስታወቂያ መጻፍ ነው»

ነጋዴዋ በአንድ ቀን ውስጥ ከምትጽፈው ነገር ማስታወቂያው ትንሹ ነው። ለደንበኛ የምትመልሰው መልስ፣ ዕቃ ለሚያደርሰው ባለሞተር የምትልከው አድራሻ፣ ለወፍጮ ቤት የምትሰጠው የመጠን ዝርዝር፣ የዱቤ መዝገቡና ደረሰኙ ሁሉ ጽሑፍ ናቸው፤ ንግዱ የሚጠነክረውም በአብዛኛው በእነዚህ ነው። ደንበኞች ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ምን ገብቶበታል፣ ስንት ነው፣ መቼ ይደርሳል፣ እንዴት ይከፈላል፣ ባይስማማኝስ ይመለሳል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በየቀኑ በስልክ የሚሰጠው መልስ እንደ ድካሙና እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተጽፎ በቴሌግራም ቻናሉ አናት ላይ ከተሰካ ግን ነጋዴዋ ባትኖር እንኳ ሠራተኛዋ ያንኑ መልስ ትሰጣለች።

«ዋጋ በግልጽ ከተጻፈ ደንበኛ ይሸሻል፣ ተወዳዳሪም ያያል»

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከዚህ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ተወዳዳሪ ግን ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ ደንበኛ መስሎ ከመጠየቅ የሚያግደው ነገር የለም፤ የሚሸሸው ጠይቆ ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው፣ ወይም ዋጋው ሰው እየታየ ይቆረጣል ብሎ የጠረጠረ እውነተኛ ገዢ ነው። ከዚህም በላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል።

የዋጋ መለዋወጥ ግን እውነተኛ ችግር መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። የዛላ በርበሬ ዋጋ ምርት በሚደርስበትና በሚመናመንበት ወቅት እኩል ስለማይሆን፣ ያለ ቀን የተጻፈ ዋጋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክርክር ምንጭ ይሆናል። መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን «ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የጸና ነው» ብሎ ከሥሩ ማስፈርና ማሸጊያውና ማድረሻው በዋጋው ውስጥ ተካትተው እንደሆነ መግለጽ ነው።

«ከበድ ያለ ቋንቋ ለድርጅቱ ክብር ይሰጠዋል»

«ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለክቡራን ደንበኞቹ በማቅረብ ላይ ይገኛል» የሚል ጽሑፍ ያላየ ሰው የለም። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የከተማው ባልትና ቤት ሁሉ ሳይለውጠው ሊለጥፈው ስለሚችል ስለዚህችኛዋ ነጋዴ የሚናገረው ምንም ነገር የለም። በአንጻሩ ይህን እንመልከት፦

«የምጥን ሽሮ። ከአተርና ከሽምብራ የተዘጋጀ ነው፤ ጓያ የለበትም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ ገብቶበታል። በርበሬው መጠነኛ ስለሆነ ለሕፃናት አያቃጥልም። የተፈጨው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።»

ሁለተኛው ጽሑፍ አንድም የሙገሳ ቃል ሳይኖረው የበለጠ ያሳምናል፤ ምክንያቱም ገዢ በልቡ ይዞት የሚዞረውን ሥጋት በስሙ ጠርቶ ይመልሳል። ጓያ አዘውትሮና አብዝቶ መመገብ እግርን ሽባ ሊያደርግ እንደሚችል ብዙ ሰው ያውቃል፤ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚለው ፍርሃትም ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሥጋት በዝርዝር የመለሰ ነጋዴ ግን ለጻፈው ነገር ተጠያቂ ነው፤ ጓያ የለበትም ብሎ ጽፎ ጓያ መቀላቀል፣ ወይም ቅመሙን በሽታ ይፈውሳል ብሎ ማስተዋወቅ ነውር ብቻ ሳይሆን አሳሳች ማስታወቂያን ከሚከለክለው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ጋር የሚያጋጭ ነው።

«በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ዘመናዊ አይመስልም»

ቋንቋው የሚመረጠው በአንባቢው ነው። የሰፈሩ ደንበኛ አማርኛ ያነባል፤ አዳማ ላይ የሚሸጥ ሰው አፋን ኦሮሞ ቢጨምር ይጠቀማል፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ተወልዶ ላደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛው ያስፈልገዋል።

ከቋንቋው ይልቅ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ነው። «ከ3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን» የሚለውን ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ከቀትር በኋላ ወይም ከሌሊቱ አጋማሽ ያለፈ ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በማሸጊያ ላይ «እስከ 2018 ይጠቀሙ» ተብሎ ያለ ዓ.ም. የተጻፈ ከሆነ ደግሞ በውጭ አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ጊዜው ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም።

«በመተማመን ለምንሠራ ሰዎች ወረቀት አያስፈልገንም»

ይህ ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደና ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያስከትል አመለካከት ነው። በመተማመን ላይ ከቆሙት ተቋሞቻችን ዋነኞቹ ዕቁብና ዕድር ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጸሐፊ አላቸው፣ መዝገብም ይይዛሉ። ጸሐፊው መሾሙን ማንም እንደ ጥርጣሬ አይቆጥረውም፤ መዝገቡ የሚያስፈልገው የማስታወስ ችሎታ ከሰው ሰው ስለሚለያይና ሁለት ቅን ሰዎችም ያንኑ ነገር በተለያየ መንገድ ሊያስታውሱት ስለሚችሉ ነው።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። 500 ብር በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ነጋዴዋ ከእህቷ ወይም ከጎረቤቷ ለዕቃ መግዣ የምትበደረው ገንዘብ ሁሉ ከዚህ በላይ ነው ማለት ይቻላል።

ቀብድም እንዲሁ ነው። ለጥር ሠርግ 20 ኪሎ በርበሬ ታዝዞ ቀብድ ሲቀበሉ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዚሁ ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የማታውቅ ነጋዴ በርበሬ ተወደደብኝ ብላ ትእዛዙን ብትሰርዝ ያልጠበቀችው ዕዳ ይገጥማታል። ስለዚህ ትእዛዙን በተቀበለችበት ዕለት የዕቃውን ዓይነትና መጠን፣ የኪሎውን ዋጋ፣ የቀብዱን ልክ፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ እንዲሁም ዋጋው ቢለወጥ ምን እንደሚደረግ ጽፋ ለደንበኛዋ መላክና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ መቀበል ይገባታል።

የዱቤ መዝገብም ስምና ድምር ብቻ ከያዘ ከግምት አያልፍም። ቀኑ፣ የተወሰደው ዕቃ፣ የተከፈለውና የቀረው በየረድፉ ሊሰፍርበት፣ ወሳጁም ሊፈርምበት ይገባል።

«ቢዝነስ ፕላን የሚጻፈው ለአበዳሪ ብቻ ነው»

ፎቶኮፒ ቤት ስሙ ብቻ ተቀይሮ የሚታተም ዕቅድ በእርግጥ ከአበዳሪው መሳቢያ ውጭ ጥቅም የለውም። ለነጋዴዋ የሚጠቅማት አንድ ገጽ የወጪ ሂሳብ ነው፦ የተገዛው ዛላ ስንት ኪሎ ነበር፣ ተቀንጥሶና ደርቆ ስንት ቀረ፣ ለቅመሙ፣ ለወፍጮውና ለማሸጊያው ስንት ወጣ? ሂሳቡን በጭንቅላቷ የምትይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምትስተው በመቀንጠስና በማድረቅ የጠፋውን ክብደት ነው፤ በተገዛው ኪሎ ልክ ዋጋ ስትቆርጥ ትርፍ የመሰላት ገንዘብ እዚያው ይቀልጣል።

«ብዙ ጊዜ የለጠፈ ብዙ ይሸጣል»

በየቀኑ ያንኑ ፎቶና ያንኑ ቃል የሚልክ ቻናል ድምፁ ይዘጋበታል። አዲስ ዕቃ ሲገባ፣ ዋጋ ሲለወጥና የጾም ወቅት ሲቃረብ መጻፍ ይበቃል።

«ሙያ ከተጻፈ ይሰረቃል»

ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ምጥኑ በአንዲት ሴት እጅ ብቻ ያለ ንግድ እርሷ በታመመች ወይም አራስ በሆነች ጊዜ ይቆማል፣ የሽሮውም ጣዕም ከወር ወር ይለዋወጣል። ምጥኑን በእፍኝና በጭልፋ ሳይሆን በግራም ጽፎ፣ ሙሉውን ቅጂ ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ለሠራተኛ ደግሞ የሥራ ድርሻዋን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ የምትቆላው የአቆላሉን ቅደም ተከተልና ጊዜ፣ የምታሽገው የክብደቱንና የቀኑን አጻጻፍ ይዛ ትሠራለች፣ የቅመሙን ልክ ግን ነጋዴዋ ራሷ መዝና በከረጢት አዘጋጅታ ትሰጣለች።