ግብጦን ለአረንጓዴ ማዳበሪያ ማልማት

ግብጦ በጎጃምና በአዊ ባቄላና አተር እምቢ ባሉበት የደከመ፣ አሲዳማ መሬት ላይ የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ፍሬው ተቆልቶ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት በወራጅ ውሃ ተዘፍዝፎ ይበላል፤ አረቄም ይወጣበታል። ፍሬ ሳያፈራ ታርሶ ከተቀበረ ደግሞ አረንጓዴ ማዳበሪያ ይሆናል። መራራነቱ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር ሌላውን አረንጓዴ ሰብል ከብት ሲጨርሰው፣ መራራውን ግብጦ ብዙም አይደፍረውም።

በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየር ናይትሮጅንን ለተክሉ ያዘጋጃሉ። የግብጦው ባክቴሪያ ከባቄላው የተለየ ስለሆነ ለባቄላ የተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያ የያዘ ማዳበሪያ) አይሠራለትም። መሥራቱን ለማወቅ ከተዘራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጥቂት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ ማውጣት ነው፤ ከተነቀለ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩ በቀስታ ታጥቦ እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተስማሚ ባክቴሪያ መጥፋቱ ወይም ዩሪያ መብዛቱ ነው።

በሄክታር 100 ኪሎ ገደማ ይዘራል። ቡቃያው ክኩን ተሸክሞ ስለሚወጣ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተቀበረ ይደክማል። ውሃ የሚያቁር ዋልካ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ኖራማ አፈር ላይ ቅጠሉ ይገረጣል።

ዋናው ጉዳይ የመቅበሪያው ጊዜ ነው። አበባው ሞልቶ የመጀመሪያዎቹ ቆባዎች ብቅ ሲሉ መታረስ አለበት። ከዚያ ከዘገየ አገዳው ይጠነክራል፤ ሲበሰብስም የአፈሩን ናይትሮጅን ለጊዜው ይሻማል። የበሬ ማረሻ አፈር ስለማይገለብጥ ሰብሉን አስቀድሞ በማጭድ አጭዶ መበተን፣ አንድ ሁለት ቀን አጠውልጎ አፈሩ እርጥብ እያለ ማረስና መልሶ ማገላበጥ ይሻላል። ቀጣዩ ሰብል የሚዘራው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። የበልግ ዝናብ የሚያገኝ ማሳ ላይ መጋቢት ተዘርቶ ሰኔ ቢታረስ ለሐምሌ ጤፍ ይደርሳል፤ በብርዳማ ደጋ ግን አበባው ይዘገያል።

ፍሬውን አጭዶ ገለባውን ብቻ ማረስ የዚህን ያህል አያዳብርም፤ አብዛኛው ናይትሮጅን ከፍሬው ጋር ወደ ጎተራ ይገባል። ሙሉ ማሳ መልቀቅ የማይችል ገበሬ ግማሹን ለፍሬ ትቶ ግማሹን ሊያርስ፣ በዓመቱም ሊያቀያይር ይችላል።