አማራጭ ኢንቨስትመንት፦ ስጋትን የሚበትነው መቼ ነው?

አማራጭ ኢንቨስትመንት የሚባለው ከአክሲዮን፣ ከቦንድና ከጥሬ ገንዘብ ውጭ ያለው ነው፤ ሪል ስቴት፣ ወርቅ፣ ሄጅ ፈንድ (የባለሀብቶችንና የድርጅቶችን ገንዘብ ሰብስቦ በተለያየ ስልት የሚያሠራ ፈንድ)፣ ድርሻቸው ገበያ ላይ የማይሸጥ ኩባንያዎች።

ብዙ ሰው ገንዘቡን አክሲዮንና ቦንድ ላይ ይከፋፍላል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይደግፈኛል ብሎ። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካ ውስጥ ወለድ በፍጥነት ሲጨምር ሁለቱም አብረው ወረዱ። የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 18 በመቶ፣ ሰፊው የቦንድ መለኪያ ወደ 13 በመቶ አጣ። ስለዚህ የንብረቱ ዓይነት መብዛቱ ብቻውን አያድንም። መጠየቅ ያለበት፣ በአንድ ምክንያት አብረው ይወድቃሉ ወይ የሚለው ነው።

ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። የግል ፈንድ፣ ማለትም ድርሻው ገበያ ላይ የማይሸጥ ፈንድ፣ ዋጋው በየቀኑ ገበያ ላይ አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ወሩ በግምት ይተመናል። ወረቀቱ ላይ የተረጋጋ ይመስላል፤ ንብረቱ ግን ውስጥ ውስጡን እየረከሰ ሊሆን ይችላል። «አይዋዥቅም» ካሏችሁ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚተመን ጠይቁ።

መውጫውም ጠባብ ነው። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ኩባንያ የብላክስቶን ግዙፍ የሪል ስቴት ፈንድ፣ ብሪት፣ ገንዘባችንን መልሱ የሚለው ሲበዛበት ገንዘብ የማውጫ ገደቡን ሥራ ላይ አዋለ፤ በወር ከፈንዱ 2 በመቶ፣ በሩብ ዓመት 5 በመቶ። ገደቡ ቀድሞም በደንቡ ተጽፎ ነበር። ነገ ለሕክምና ወይም ለኪራይ የምትፈልጉት ገንዘብ እንዲህ ያለ ቦታ መግባት የለበትም።

ክፍያውንም አትርሱ። በሄጅ ፈንድ ለረጅም ጊዜ የተለመደው በዓመት ከጠቅላላው ገንዘብ 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነበር።