የሳንባ ምች ክትባት የወሰደ ልጅ ለምን በሳንባ ምች ይታመማል?

ድሬዳዋ ባለው የእናቶች ግሩፓችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። "ልጄ ተከትቦ ነበር፤ ታዲያ ሳንባ ምች ከየት መጣበት? ክትባቱ አይሠራም ማለት ነው?" አይደለም እህቶቼ።

ሳንባ ምችን የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ናቸው፤ ባክቴሪያም ቫይረስም አለባቸው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፒሲቪ የሚባለው የሳንባ ምች ክትባት የሚከላከለው ከነሱ አንዱን፣ ኒሞኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። እሱም ራሱ ከ90 በላይ ዓይነት አለው፤ ክትባቱ የያዘው ከባድ ሕመም በብዛት የሚያመጡትን ጥቂቶቹን ነው።

ለምሳሌ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለች አንዲት ሕፃን ሦስቱንም ወስዳለች እንበል። ጉንፋን ያዛትና ቫይረሱ ሳንባዋ ድረስ ወረደ። ታመመች፤ ክትባቱ ግን አልከሸፈም። የገባው ሌላ ተሕዋስ ነው።

ኒሞኮከስ ደግሞ በሳንባ አያበቃም። ጆሮ ያመረቅዛል፤ ደም ውስጥ ይገባል፤ የአንጎል ሽፋን ላይ ሲደርስ ማጅራት ገትር ያመጣል። እኔ ለዚህ ለማጅራት ገትሩ ብቻ እንኳ አስከትብ ነበር።

ከልጅ ልጅ የሚለያየው ሕክምናው ነው። አንዱ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፣ ሌላው አያስፈልገውም። የሚወስነው ልጁን ያየው ባለሙያ ነው። እባካችሁ ከጎረቤት የተረፈ ሽሮፕ አትስጡ።

ይህ ግን አይለያይም፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ተከተበም አልተከተበም፣ "የድሬ ሙቀት ነው" ሳትሉ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።